የሾላ ሜዳ ፈራሚዎች

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ተስፋው፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ በፈጣሪ ቸርነትና በእርስዎ ጸሎት ደኅና ነኝ። ከድሬዳዋ ሙቀት ጋር ግን ገና አልተላመድንም፤ እሱም እኔም እየተያየን ነው።

የነሐሴው ደብዳቤዎ የደረሰኝ በመስቀል ማግሥት ነበር። ክፍል ውስጥ ቆሜ ከፈትኩት። «ገደሉ ተንዶ የኪዳነ ምሕረትን ቤተ መቅደስ እኩሌታውን ይዞት ወረደ፤ ወገባችንን በገመድ ታስረን ገብተን ታቦቷን አወጣናት» የሚለው ላይ ስደርስ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቼ «መምህርት፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። «ቤት ሞተ» ልበላቸው? አባቴ ሲሞት እርስዎ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ከሰቆጣ ወስደው ያሳደጉኝ እዚያ ደጀ ሰላም ሥር ነው። ፊደል የቆጠርኩበት ድንጋይም አብሮ ወርዶ ይሆን?

ግን አልቅሼ አልቀረሁም። እዚህ ያለን የዋግ ተወላጆች በየወሩ በአሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ እንጠጣለን። ተነሥቼ ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ሸማኔው፣ ጡረተኛው ወታደር፣ ጠጅ ሻጯ፣ ሁሉም ያለውን አወጣ። እርስዎ «ገበሬው ደርቤ ለአዲሱ ቤተ መቅደስ የሚሆነውን ሾላ ሜዳን ለመሸጥ ፈቃደኛ ነው» ብለው ስለጻፉ፣ የመሬቱን ዋጋ በኮረም በኩል ልከናል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደግሞ የሽያጭ ውል አለ። የማኅበራችን ጸሐፊ ደሞዝ ሙላው ይባላል፤ ሥራውም በባቡር ጣቢያው ጸሐፊነት ነው። በጽሕፈት መኪና ሦስት ቅጂ አድርጎ መታልን። እንዴት ንጹሕ እንደሆነ ይዩልኝ፤ አንድ ስርዝ የለበትም። ሻጭ፣ ገዢ፣ ምስክር፤ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ደርቤ ጣቱን ያሳርፍ፣ አለቀ! ለጥምቀት መሬቱ ይታጠራል፣ ከፋሲካ በፊት መሠረቱ ይቆፈራል፣ ክረምት ሳይገባ ይከደናል። እኔ በሐሳቤ ጉልላቱን ሰቅዬዋለሁ።

ቶሎ ይመልሱልኝ። ዝግታ እንደማልችልበት እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ ብርሃነሽ ደብሬ


ደሃና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት ብርሃነሽ፣

የአባቶቻችን ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። እኛ አለን። ታቦቷ በሣር ክዳን ጭቃ ቤት ናት። ለቅዳሴ አምስታችን ከገባን ጽናውን የምናወዛውዝበት ቦታ የለም፤ ባለፈው እሑድ የዲያቆኑን ፀጉር ለበለብነው።

ገንዘቡንም ውሉንም ነጋዴው ምንዋጋው ከኮረም በበቅሎ አድርሶልኛል። ደርቤም በደስታ ጣቱን አሳረፈ። እስከዚህ ድረስ አንቺ እንዳልሽው ነው። በማግሥቱ ግን እማሆይ ወለተ ሚካኤል መጡ። ታውቂያቸዋለሽ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ የአገሩ ትውልድ ግን ሁሉ እሳቸው ልብ ላይ ተጽፏል። ከደርቤ ደጅ ቆመው መሬቱን በዱላ መቱት።

«ደርቤ! ምን ሸጥክ?»

«መሬቴን ነዋ፣ እማሆይ።»

«የማን ልጅ ሆነህ ነው ያንተ የሆነው?»

«የአባቴ።»

«አባትህስ የማን?»

እንዲህ እያሉ ወደ ላይ አስቆጠሩት። አራተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። አምስተኛውን አጣው።

«አምስተኛውን ሳታውቅ ነው መሬት የምትሸጠው? በቅሎ እንኳ ሲሸጥ እናቷ ማን ናት ተብሎ ይጠየቃል!» አሉት። በአገውኛ የጨመሩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ቄስ ነኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንን ወረቀት አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «ለሻጭ ስንት መስመር አለው?» አሉ። አንድ ነው አልኳቸው። «ሻጩ እኮ ስልሳ ሰው ነው! ይች የተማረችው ልጅህ ወረቀት ጠበባት እንዴ?»

በውነቱ ልጄ፣ እኔም አፈርኩ። ከተማ የሚደረገውን ሰምቼ፣ የአገሬን ሕግ ረሳሁት። ሾላ ሜዳ የገብረ አምላክ ርስት ነው። ከገብረ አምላክ የተወለደ ሁሉ፣ በሴትም ይምጣ በወንድ፣ ድርሻ አለው። ቃሉን ያልሰጠ አንድ ሰው ቢቀር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጥቶ መቅደሱ ደጅ ሞፈር ሊያቆም ይችላል። አምና አንዱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ፣ ተቆጥሮለት፣ የሰው ጎተራ አስነሥቷል።

አሁን የሚያስደነግጠውን ልንገርሽ። ስልሳው ሰው በሁለት ቀን ተሰበሰበና «ለኪዳነ ምሕረት መሬት ይሸጣል እንዴ? እንሰጣለን እንጂ!» አለ። ደርቤም ገንዘቡን እያለቀሰ መለሰ፤ ያለቀሰው በደስታ ነው ለማለት አልችልም። ለክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን ተባለ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ወለተ ገብርኤል የምትባል የገብረ አምላክ ልጅ ወንድና ሴት ወልዳ ነበር። ወንዱ ጓንጉል፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ፣ በጎረምሳነቱ ከወታደር ጋር ወደ ሐረርጌ ወርዶ ቀረ። የግራ እጁን ትንሿን ጣት ጫፍ ማጭድ ቆርጦታል። ሴቷ ጥሩሐረግ እዚሁ ዋግ፣ ቆላው ዝቋላ ተድራ እዚያው ሞተች። እማሆይ እንዲህ አሉ፦ «ዘር ካላቸው ቃላቸው ይምጣ፤ ከሌላቸውም ‹የለም› የሚል ቃል ይምጣ። እስከዚያ አንድ ድንጋይ አይነሣም።»

ስለዚህ ገንዘብ አትላኪ። ሰው ፈልጊልኝ። ድሬዳዋ ከሐረርጌ ነው አሉ። የእኅቲቱን ዘር እኔ ከጥምቀት በኋላ ዝቋላ ወርጄ እፈልጋለሁ፤ የወንድሙን አንቺ ፈልጊ።

ቄስ ተስፋው


ድሬዳዋ፣ ጥር 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ፣

ጤናዎንና የበቅሎዎን ጤና እየጠየቅሁ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት ብዬ እጀምራለሁ። ቆመው ከሆነ ይቀመጡ!

ከትናንት በስቲያ በማኅበራችን ደብዳቤዎን አነበብኩ። ሰው በእማሆይ ይስቃል፤ ደሞዝ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። «የግራ እጁን ትንሿን ጣት ጫፍ» ስል ብዕሩ ቆመ። «እንደገና አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጣቷን ነክሼ አውቃታለሁ» አለ። «ሕፃን ሆኜ፣ ጥርሴ ሲበቅል። የአያቴ ጣት ናት።»

ተከትለነው ቤቱ ገባን። እናቱ ከሣጥን ውስጥ በቆዳ የተደጎሰ ዳዊት አወጡ። መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ዝ መጽሐፍ ዘወልደ ጻድቅ» ይላል። አባቴ፣ ጓንጉል እዚህ ነበሩ! እዚሁ ጡረታ ወጥተው፣ እዚሁ ሞቱ። የወለዱት ሙላውን ብቻ ነው፤ ሙላውም ሞቷል፤ ሙላው የወለደው ደሞዝን ብቻ ነው። እኔ ሰው ፍለጋ ሐረር ልሄድ ሳስብ፣ ሰውዬው አጠገቤ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ጠጅ ሻጯ ነች መጀመሪያ እልል ያለችው።

ፊርማውን ሳላሳድር አስፈርሜ ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ።

አሁን ደግሞ የደበቅሁዎትን ልናገር። እኔና ደሞዝ ልንጋባ ተስማምተናል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይጽፉልዎታል። እስከ ዛሬ የፈራሁት «የማን ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ነበር። አሁን ከማንም በላይ አገር የሚያውቀው ሰው ሆነ! ሰባት ቤት መቁጠሩንም ለወጉ ያህል ቁጠሩልን። የእሱ ዘር ከደሃና፣ እኔ የሰቆጣ ሰው ልጅ፣ እናቴ የዝቋላ ሴት፤ ምን ያገናኘናል? እማሆይ እንኳ ሳይሰለቹ አይቀሩም። በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ተክሊል የእኛ ይሁን። ሁለቱን ደስታ አንድ ላይ ነው የማስበው፤ ለያይቼ ላስባቸው አልቻልኩም።

የቀረው የእርስዎ ዝቋላ ነው። በቅሎዋን ያስጭኑ፤ ይፍጠኑ!

ልጅዎ ብርሃነሽ


ደሃና፣ መጋቢት 28 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሃነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ደብዳቤሽ በየካቲት አጋማሽ ደርሶኛል። ዘገየሁ፤ አውቃለሁ። ዝቋላ ወርጄ ተመልሻለሁ። መንገዱ ከባድ ነው። በቅሎዋ አነከሰች።

ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ጓንጉል የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ የተቆረጠ ጣት ያለውም ብዙ ነው። ዳዊቱን ገዝተውት ይሆን? ወይ የሞተ ባልደረባቸው ይሆን? የደሞዝን እናት በደንብ ጠይቂያቸው። ሽማግሌዎቹም ለጊዜው ይቆዩ። የደሞዝን ወረቀት ለጉባኤው ገና አላነበብኩትም።

አባትሽ ደብሬ የእናትሽን እናት ስም ነግሮሽ ያውቃል?

እዚህ ደመናው ዘንድሮ ቀድሟል። የጭቃው ቤት አንድ ማዕዘን ፈርሷል።

ቄስ ተስፋው


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄስ ተስፋው፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የእርስዎ መሆኑን ያወቅሁት በእጅ ጽሑፉ ብቻ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል አንድ ቃል አጣሁበት። ደሞዝስ ምን በደለዎት? የሰው ዳዊት ሰርቆ ዘር የሚያበጅ ይመስልዎታል?

ይኸው ጠየቅሁ። እናቱ በዳዊቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ነገሩኝ። አማታቸው ጓንጉል በሰከሩ ቁጥር ስለ አንዲት እኅታቸው ያለቅሱ ነበር፤ «ቆላ ድረዋት እኔ ሳልመልሳት ቀረሁ» እያሉ። የእኅታቸውንም ስም ያስታውሳሉ፦ ጥሩሐረግ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የእናቴን እናት ስም አላውቅም። እናቴን ራሷን መች አየኋትና! እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። አባቴ ስለ እሷ ሲጠየቅ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ነበር። ለምን ይጠይቁኛል?

ደመናው ቀድሟል ይላሉ፤ ታዲያ ወረቀቱን ምን ያስቀምጠዋል? ስልሳ ሰው እየጠበቀ፣ ታቦቷ እየዘነበባት፣ እርስዎ ዝም! ዝቋላ ምን ነካዎት? አባቴ፣ እየፈራሁ ነው። የምፈራውን ግን አላውቀውም።

ብርሃነሽ


ደሃና፣ ግንቦት 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ይህን የምታነቢበት ሰዓት የጸና ልብ ይስጥሽ። ደርሶብኝ የማያውቅ ነገር ስለሆነ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ዝቋላ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ፍየል የምታልብ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ጥሩሐረግን ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

«ጎረቤቴ ነበረች» አለችኝ። «አንድ ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ይታየሽ።»

«ይታየሽስ የት አለች?»

«ለአንድ የሰቆጣ ሰው ተዳረች። በወሊድ ሞተች፣ ነፍሷን ይማር። ልጅቷ ግን ተረፈች፤ ተምራ አስተማሪ ሆነች ሲሉ ሰምተናል።»

«ሰውየው ማን ይባላል?»

«ደብሬ።»

በበቅሎዬ ላይ ነበርኩ። ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። አሮጊቷ «አባ፣ አሞዎታል? ወተት ልስጥዎ?» አለችኝ። ጾም ነው ብዬ አመሰገንኳት።

ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ ይታየሽ እንደምትባል አውቃለሁ። የእሷን እናት ግን ማን ጠየቀ? ከዝቋላ መጣች ተባለ፣ በቃ። የጠፋችው እኅት ዘር እዚህ ከኔ ጋር ምሳ እየበላች አድጋለች።

ስመለስ ለእማሆይ ብቻ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ሁለቱም ዘር ተገኘ» ስላቸው ተነሥተው እልል አሉ። «ማን ማን ናቸው?» አሉኝ። የጓንጉል የልጅ ልጅ ደሞዝ፣ የጥሩሐረግ የልጅ ልጅ የኛዋ ብርሃነሽ ናቸው አልኳቸው።

«እሰይ! እሰይ! እኔ ከጓንጉልም ከጥሩሐረግም ጋር ነው ያደግሁት። ሳልሞት ልጆቹን አንድ ላይ አምጣልኝና ፊታቸውን ልዳስስ።»

«አንድ ላይ ናቸው፣ እማሆይ» አልኩ። «ሊጋቡ ነው።»

እጃቸው ወደ ፊት እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ እየዳሰሱ መደቡን ፈልገው ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን አውጥተው ሦስት ፍሬ በዚህ፣ ሦስት ፍሬ በዚያ አወረዱ። ከሰባት ቤት ሦስተኛውን ሳታልፉ ትገናኛላችሁ።

ልጄ፣ ጳጉሜን ያህል አጭር ተስፋ ይዤ ነበር፤ ሌላ ጓንጉል ይሆናል ብዬ። ያንን ነው የጠየቅሁሽ። አንቺ የጥሩሐረግን ስም ጽፈሽ ላክሽልኝ።

አሁን ነገሩ ይህ ነው። መሬት ሲሰጥ ፈራሚው ሁሉ በጉባኤ ፊት ከነትውልዱ ይነበባል። የደሞዝን ወረቀት ካነበብኩ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያንቺ ይነበባል፤ አገር ያውቃል፤ ጋብቻው የለም። ደግሞ አንድ ቃል አለ። «የጓንጉል ዘር የለም» ብል ስልሳው ሰው ያምነኛል። መሬቱም ይሰጣል፣ ቤቱም ይሠራል፣ እናንተም ድሬዳዋ ላይ ትጋባላችሁ። እማሆይም «እኔ ዝም ማለት እችላለሁ፤ ብዙም አልቆይ» ብለዋል።

ይህን ለልጅ መጻፍ የቄስ ሥራ አይደለም። ግን እንጀራ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። «የለም በልልኝ» ካልሽኝ «የለም» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጥምጣሜን አውርጄ ማረሴ ነው፤ በዚያ መቅደስ ቆሜ መቀደስ አልችልም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ነው።

ጉባኤው ለሰኔ መጨረሻ ተቀጥሯል። ወረቀቱ በዳዊቴ ውስጥ ነው።

ተስፋው


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 7 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ቢሆን ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ በቀጥታ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ደሞዝ የጭነት ወረቀት ይመታ ነበር። «ምነው ፊትሽ?» አለኝ። ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «እኔ፣ ሙላው፣ ጓንጉል» በግራ እጁ። «አንቺ፣ ይታየሽ፣ ጥሩሐረግ» በቀኝ እጁ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን አጋጠመና አያቸው። የጅቡቲው ባቡር ጮኸ። ተነሥቶ ወጣ፣ መንገደኛውን አስተናገደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እጆቹን እንደገና አጋጠመ። ቁጥሩ አልተለወጠም።

«‹የለም› ይበሉልን» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አባቴ፤ እሱ አይደለም። «ድሬዳዋ ላይ ማን ይቆጥራል? አሮጊቷም ዝም እላለሁ ብለዋል። አንድ ቃል እኮ ናት!»

«የለም ሲባል እኮ እኔ ነኝ የሌለሁት» አለኝ።

«ለወረቀት ብቻ ነው።»

«ብርሃነሽ፣ አያቴ የሞቱት ‹አገሬ ረስቶኛል› እያሉ ነው። ይኸው ስልሳ ዓመት ጣታቸው እንኳ አልተረሳችም። ዛሬ ተጠርተው ሲመጡ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ‹እንዲህ የሚባል ሰው የለም› ልበል?» ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ጣቢያው በሙሉ ዞሮ አየን። «ልጅስ ብንወልድ? የማን የልጅ ልጅ ነኝ ሲለኝ ምን ልመልስለት?»

ተቆጥቼ ወጣሁ። እሱን፣ እርስዎን፣ እማሆይን፣ ቤቱን የናደውን ገደል ሳይቀር ተቆጣሁ። ከሁሉ በላይ ራሴን። «ፈልጊልኝ» ቢሉኝ በሁለት ወር ሠርቼ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማውን ሳላሳድር ያሸግሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ «የለም በሉ» የሚል ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ሰነበትኩ። እያንዳንዱን ስጀምር «ለተከበሩ አባቴ» እላለሁ፤ ከዚያ ጥምጣምዎን አስባለሁ፤ እጄ ይቆማል።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። «አዲስ ወረቀት አስገባ» አልኩት። ምን ብዬ እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አስገባ። እኔ እየነገርኩት መታው፦ «እኛ የወለተ ገብርኤል የልጅ ልጅ ልጆች፣ ሾላ ሜዳን ለኪዳነ ምሕረት ሰጥተናል።» ሁለት ቦታ ተሳስቶ ሰርዞበታል። እንደገና ልምታው አለኝ፤ ተወው አልኩት። እሱ ከላይ ፈረመ፣ እኔ ከሥሩ። የሁለታችን ስም አብሮ የሚጻፍበትን ወረቀት ሌላ ነበር የማስበው።

በጥር የላክሁልዎትን ይቅደዱት፤ እሱ ብቻውን ነው ያለበት። ይህን ያንብቡ። ጥምጣምዎን ለማንም ብለው አያውርዱ። እኔ ለክረምት ዕረፍት ልመጣ አልችልም፤ ዘንድሮ አይሁንብኝ። ደሞዝ ግን ጉባኤው ላይ እገኛለሁ ብሏል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በባቡር ይነሣል። በቅሎ ወደ ኮረም ይላኩለት፤ መንገዱን አያውቅም። እማሆይ ፊቱን ይዳስሱት።

ሲያነቡት ደግሞ ጮክ ይበሉ። እማሆይ ጆሯቸውም እየደከመ ይሆናል፤ አንድ ስም እንዳያመልጣቸው።

የጥሩሐረግ የልጅ ልጅ፣ የይታየሽ ልጅ፣ ብርሃነሽ